ከወዲያ በኩል ያለው ዓይን

ማዕረግ ከክፍሉ በስተኋላ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የጎመን ቅጠል ትደቁሳለች። አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መሃል ሲወርድ በማንኪያ ጀርባ እየጠረገች ወደ ቆርቆሮ ክዳን ታወርደዋለች። አጠገቧ ሌሎች ክዳኖች ተደርድረዋል። በአንደኛው እርድ በውኃ ተበጥብጧል፤ በሌላው የቀይ ሥር ጭማቂ አለ፤ ከዳር ባለው ደግሞ የላመ ከሰል በእንቁላል ነጭ ተለውሶ ጥቁር ሐር መስሎ ያብረቀርቃል። ከክዳኖቹ ወዲህ የመፋቂያ እንጨቶች በነጠላ ቁራጭ ላይ ተዘርግተዋል። የመፋቂያ ጫፍ ታኝኮ ሲላላ ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። ማዕረግ ጠዋት ከተማሪዎቹ ቀድማ ገብታ ስታኝክ ስለቆየች መንጋጋዋ ዝሏል።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ጥር ነው። ቦታው ደባርቅ፣ ከገበያው በላይ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ብርዱ በተሰበረው መስኮት እየገባ ልጆቹን ያስነጥሳል። ማዕረግ ገና መምህርት አልሆነችም። ጎንደር ከሚገኝ ማሠልጠኛ ለልምምድ የተላከች እጩ ናት። ዳባት ተወልዳ ያደገች፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ ከወንበሯ ግማሽ ድረስ ብቻ የምትነሣ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። እናቷ ሰፌድና ሌማት እየሰፉ ነው ያሳደጓት። ማዕረግ ቀለም መለየት የተማረችው ከእናቷ አለላ፣ ከተነከረው የስፌት ሣር ነው፤ ማሠልጠኛ ስትገባ ሥዕል የመረጠችውም በዚሁ ነው።

ሥዕል የሚያስተምሩት መምህር ያርጋል ይባላሉ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ክርናቸው ላይ የተጣፈ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ናቸው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ ሰዓሊ ነበሩ። ማዕረግ በመጣችበት ቀን መምህር ያርጋል ከደጃፍ አቁመው እንዲህ አሏት።

"ልጄ፣ የመጣሽው ለማየት ነው። ማየት ሥራ ነው፤ ቀላል እንዳይመስልሽ። እኔ ሳስተምር አንቺ ዓይን ነሽ እንጂ አፍ አይደለሽም። ልጆች ሁለት መምህር ካዩ ሁለቱንም አይሰሙም።"

"እሺ መምህር።"

"አፍሽ ካሳከከሽ ቅጠል ደቁሺ።"

በልምምዱ ማብቂያ ለማሠልጠኛው "ትሆናለች" ወይም "አትሆንም" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማዕረግ አፏን ዘግታ ቅጠል ደቆሰች፤ አየች። ማን ቀለም ከጓደኛው እንደሚሰርቅ፣ ማን ምላሱን አውጥቶ እንደሚሥል፣ ማን በግራ እጁ ስለሚሥል እንደሚያፍር ሁሉ አወቀች።

የዚያን ዕለት መምህር ያርጋል ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ጠመኔውን በመዳፋቸው እያንከባለሉ ተናገሩ።

"ዓርብ የወላጆች ቀን ነው። የመንፈቁ መዝጊያ። ሁላችሁም ሥዕላችሁ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የምትሥሉት ቤታችሁ ካለ ሰው አንዱን ነው። ዛፍ አልፈልግም። ባንዲራ አልፈልግም። ሰው።"

"ቲቸር፣ በሬስ?" አለ አንድ ልጅ ከመሃል።

"በሬ ከሰው ይቆጠራል?"

"እኛ ቤት ይቆጠራል። አባቴ ከኔ በፊት እሱን ነው የሚያበላው።"

ክፍሉ ሳቀ። መምህር ያርጋልም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሳቁ፤ ትከሻቸው ነው ያሳበቃቸው። ከዚያ ወረቀት ታደለ። ወረቀቱ ያለፈበት ካላንደር ነው፤ ከሱቅና ከመሥሪያ ቤት የተለመነ። ጀርባው ነጭና ወፍራም ስለሆነ ቀለም ያነሣል።

ሁሉም አጎንብሶ ሲሥል አንዲት ልጅ ብቻ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ደርቤ ናት። ከመጨረሻው ዴስክ ከመስኮቱ ሥር ስለምትቀመጥ ለማዕረግ ቅርብ ናት። ከአራተኛ ክፍል ልጆች በዕድሜም በቁመትም ትበልጣለች፤ ካልተጠየቀች አትናገርም፣ ከተጠየቀችም ትንሽ ነው። ወረቀቷ ባዶ ነው። መፋቂያውን ከሰሉ ውስጥ ነክራ ታወጣለች፣ እንደገና ትነክራለች። ጠብታው ዴስኩ ላይ እየወደቀ ክብ ክብ ይሠራል።

ማዕረግ አየቻት። ቅጠሏን ደቆሰች። እንደገና አየቻት። መምህር ያርጋል ከፊት በኩል አንዱን ልጅ ይዘው እያስረዱ ነው።

"አንቺስ?" አለቻት በሹክሹክታ፣ አፏ ከእሷ ቀድሞ።

ደርቤ ዞር አለች። "አጎቴን ልሥል ነበር።"

"ታዲያ ሣያቸዋ።"

"ፊታቸውን አላውቀውም።"

"አብራችሁ አይደለም እንዴ የምትኖሩት?"

"ፊት ለፊት አይቻቸው አላውቅም" አለች ደርቤ። "ትልቅ ሰው ሲናገር ቀና ተብሎ ይታያል?"

እውነቷን ነው። ማዕረግ ራሷ አባቷ በሕይወት ሳሉ ሲያናግሯት የምታየው እግራቸውን ነበር። ጫማቸውን ዛሬም ሣይ ብትባል እስከ ክሩ ትሥለዋለች፤ ፊታቸውን ግን ስታስበው ይጠፋባታል።

"ታዲያ እንዴት ነው ያየሻቸው?"

"ከጎን። ከጃናሞራ ሲያመጡኝ እኔ በቅሎ ላይ ነበርኩ፤ እሳቸው አጠገቤ በእግራቸው። መንገዱን ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ ደኅና አድርጌ አየኋቸው።"

"እንደዚያው ሣያቸው" አለች ማዕረግ። በአረንጓዴ ጣቷ ወለሉ ላይ አንድ መስመር አወረደች፤ ከግንባር ተነሥታ፣ በአፍንጫ አልፋ፣ ከንፈርና አገጭ ሠርታ ቆመች። ማሠልጠኛው ውስጥ ከውጭ አገር ከመጣ መጽሐፍ ያየችው አሣሣል ነው። "ይኸው፣ ከጎን ይሄን ይመስላል። ዓይኑ እዚህ ጋ ይሆናል።"

የደርቤ ዓይን በመስመሩ ላይ ወረደ፤ ተመልሶም ወጣ። ከዚያ አጎነበሰች፤ እስከ ደወል ድረስም ቀና አላለችም። መምህር ያርጋል ወደ ኋላ ሲመለከቱ ማዕረግ ቅጠሏ ላይ ነበረች። ወለሉ ላይ የቀረውን አረንጓዴ መስመር በጫማዋ አጠፋችው።

ሐሙስ ከሰዓት መምህር ያርጋል ወንበርና ድንኳን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ ተጠሩ። "ሥዕሎቹን አንቺ ለጥፊያቸው" ብለዋት ሄዱ። ማዕረግ የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልታ ሙጫ አበጀች፤ የሥዕሎቹን ጀርባ ጥግ እስከ ጥግ እየቀባች ግድግዳውን ሞላችው። አያቶች፣ እናቶች፣ ሦስት ጸጉር ያላቸው ሕፃናት፣ ስሙ ከላይ የተጻፈለት አንድ በሬ። የደርቤን ከመሃል አደረገችው፤ ከሁሉ እሱ በልጦባት ነው። ጠመንጃ በትከሻው ያነገተ፣ ጋቢ የደረበ፣ ልጓም የያዘ ሰው፣ ከጎን። አፍንጫው የእውነት አፍንጫ ነው። ከዓይኑ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር እስከ ጉንጩ ወርዳለች፤ ማዕረግ የመፋቂያው ክር የተወው መስሏት አለፈችው።

ዓርብ ጠዋት ወላጆች ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ንግግር ጀመሩ። መምህር ያርጋል ካፖርታቸውን በብሩሽ ጠርገው፣ ክፍሉ መስተካከሉን ሊያዩ ገቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ተከትለው ተራመዱ። በሬው ጋ ፈገግ አሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄን ማን ሣለው?"

"ደርቤ ናት።"

"ማንን ነው?"

"አጎቷን።"

መምህር ያርጋል ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ። ከውጭ ማጉያው "የትምህርት ጥራትን በተመለከተ…" እያለ ያስተጋባል።

"አንዳርጋቸውን" አሉ በመጨረሻ። "ማዕረግ፣ ዳባት ነው ያደግሽው አይደል? ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ይሁዳን እንዴት አድርገው ነው የሚሥሉት?"

ማዕረግ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ በእናቷ ነጠላ ሥር ተከልላ፣ ያየችው ሁሉ መጣባት። መላእክቱና ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት፣ ትልልቅ። ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች፣ ሰይጣኑ ደግሞ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን። ይሄን ማንም አላስተማራትም፤ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ነገር ነው። ካህኑም፣ ገበሬውም፣ ከብት የሚጠብቀውም ያውቀዋል። እሷም ታውቀው ነበር፤ ያ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ነው ያስረሳት።

"አባቴ ክፉ ሰው ሲሥሉ ሁለተኛውን ዓይን ለመሣል እጃቸው አይሄድም ነበር" አሉ መምህር ያርጋል። "አሁን ስሚኝ። ይሄ ሰው ሳንቃ በር የሚሠራ የፓርኩ ስካውት፣ ጠባቂ ነው። አምና የሟች እህቱ ባል፣ የዚህች ልጅ አባት፣ አለነ የሚባል፣ ፓርኩ ውስጥ አስታ የሚባለውን ዛፍ ሲቆርጥ ተያዘ። ሲይዙት አንዱን ጠባቂ በመጥረቢያ አቆሰለው። እዚያ የነበረው ምስክር አንዳርጋቸው ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ያየውን ተናገረ፤ አለነ ጎንደር ታሠረ። ከዚያ ወዲህ የሀገሩ ሰው አንዳርጋቸውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቂያለሽ?"

ማዕረግ ራሷን ነቀነቀች። አላወቀችም፤ ገባት እንጂ።

"ይሁዳ ነው የሚሉት። ሚስቱ በለጠች 'ከእስር ወጥቶ ሊገድልህ የሚመጣን ሰው ልጅ ከቤቴ አውጣ' ትለዋለች። የልጅቷ ወገኖች ጃናሞራ ባል አግኝተውላት አምጣት እያሉት ነው። 'ትማር' ብሎ ይዟት ያለው እሱ ብቻውን ነው። ዛሬ ሰው ፊት፣ የሚያሳድጋት ልጅ እንዲህ አድርጋ እንደሣለችው ቢያይ፣ ሰኞ ይቺ ዴስክ ባዶ ናት።"

እጃቸውን ዘርግተው የወረቀቱን ጥግ በጥፍራቸው ሞከሩ። አልተነሣም። ማዕረግም በሌላው ጥግ ሞከረች። የዱቄቱ ሙጫ ሌሊቱን ደርቆ ከኖራው ጋር ተዋህዷል። ትንሽ ቢጎትቱት ጋቢው ላይ ነጭ ስንጥቅ ወጣ።

"ተዪው። ከተቀደደ የባሰ ነው።" መምህር ያርጋል እጃቸውን መለሱ። "ከጎን መሣል ማን አሳያት? እኔ አላሳየሁም።"

ማዕረግ አፏን ከፈተች። ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ፤ ንግግሩ አለቀ። የወንበር ግፊያ፣ የእግር ኮቴ፣ የልጆች ጫጫታ ወደ በሩ መጣ። ሳትናገር ቀረች።

መምህር ያርጋል ዞረው ጀርባቸውን ሥዕሉ ላይ ለጠፉት። ካፖርታቸውን ዘረጋ አድርገው ቆሙ። "እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። አንቺ ልጅቷን ፈልጊና ወደ ውጭ ውሰጃት።"

ግን ወላጅ በአንድ ጊዜ ነው የገባው። ማዕረግ በሩን ማለፍ አልቻለችም። እናቶች ልጆቻቸውን በእጅ እየጎተቱ ግድግዳውን ከበቡት። "ይሄ እኔ ነኝ? ጥርሴ እንዲህ ነው?" ይላሉ። የበሬው ባለቤት በሬውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ሴትዮ መምህር ያርጋልን አየት አድርገው "መምህር፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው እንዴ ደግፈው የያዙት?" አሉ። ሰው ሳቀ። መምህር ያርጋልም ሳቁ፤ ግን አልተነቃነቁም።

አቶ አንዳርጋቸው ከኋላ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በብርድ የከሰለ ሰው ናቸው። ደርቤ ከጎናቸው አለች፤ መሬት መሬቱን ታያለች። ከኋላቸው ደግሞ ክንዴ የሚባል በቅሎ ጫኝ ገባ። ቱሪስት ለማጀብ ደባርቅ የመጣ የጃናሞራ ሰው ነው፤ ለአለነ ዘመድ ነው ይባላል። ወላጅ አይደለም። ጠላ ቀምሶ ሰው የበዛበት ስለሚወድ ነው የገባው።

"የኛዋ ሥዕል የት ነው ያለው?" አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

"ከቲቸር ጀርባ ነው" አለች ደርቤ።

መምህር ያርጋል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቶ አንዳርጋቸው፣ እስኪ በመጀመሪያ ቢሮ ገብተን እንነጋገር። ስለ ልጅቷ የምነግርዎት አለ።"

"ጥፋት አላት?"

"የለባትም። ጎበዝ ናት።"

"ጎበዝ ከሆነች ልያት እንጂ።"

መምህር ያርጋል ከዚያ በላይ መቆም ነውር ሆነባቸው። ቀስ ብለው ወደ ጎን ሄዱ፤ ካፖርታቸው ከግድግዳው ኖራ ይዞ ተነሣ።

ክፍሉ ወዲያው ዝም አላለም። ዝምታው ከሥዕሉ አጠገብ ጀምሮ እንደ ውኃ እየሰፋ ሄደ። አንዱ ያያል፣ አጠገቡ ያለውን ይነካል፣ እሱም ያያል። ሥዕሉን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። የመጨረሻዋ እናት ልጇን "ዝም በል" ስትል ተሰማ።

አቶ አንዳርጋቸው ጋቢያቸውን ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ።

"ይኸው" አለ ክንዴ ከኋላ፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ሁሉም ሰማው። "እኛ ብንናገር 'ምቀኞች' ትለን ነበር። ልጅቷ በቀለም አወጣችህ። አብልተህ አሳድገህ፣ አንድ ዓይን ሰጠችህ።"

"ክንዴ፣ ይሄ ትምህርት ቤት ነው" አሉ መምህር ያርጋል።

"ምን አልኩ? ሥዕል አይደል የምናየው? ሥዕል አየሁ።"

ደርቤ ቀና አለች። ክንዴን አየችው፤ ከዚያ ሥዕሏን አየች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ማጥፋቷ ግን ገብቷት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ማዕረግ ይሄን አየች። ቅጠል የለ፣ የሚደቆስ የለ፣ እጇ ባዶውን ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

ድምፅዋ ወፍራም ሆኖ ስለወጣ ራሷንም አስደነገጣት። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ከጎን ሣያቸው ያልኳት እኔ ነኝ። ወለል ላይ ሥዬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር።"

"አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?" አለ ክንዴ።

"ተለማማጅ ነኝ። ከዳባት።"

"ዳባት ቤተ ክርስቲያን የለም?"

አንዳንዱ ሳቀ። "አለ" አለች ማዕረግ። "እኔ ነኝ የረሳሁት።" መምህር ያርጋልን ላለማየት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

አቶ አንዳርጋቸው እሷንም ክንዴንም የሰሙ አይመስሉም ነበር። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አቀረቡ። ቆዩ። ከዚያ፣ ሳይዞሩ፣ ልጅቷን ጠየቋት።

"ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?"

"ከወዲያ በኩል ነው" አለች ደርቤ። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። "በመንገዱ በኩል። እኔ በቅሎዋ ላይ ከወዲህ ነበርኩ።"

"ከጃናሞራ ስንመጣ?"

"አዎ።"

"ይሄስ ምንድን ነው?" ክንዴ ጣቱን በሰው ትከሻ ላይ አሾልኮ ከዓይኑ ሥር የምትወርደውን ቀጭን መስመር ነካ። "ዝናብ ነው? በበጋ?"

"ያን ቀን ዝናብ አልነበረም" አለች ደርቤ።

የክንዴ ጣት ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ አንዳርጋቸው ቀና ሲሉ ፊታቸውን ለማንም አላሳዩም፤ የልጅቷን እጅ ያዙና በሰው መሃል መንገድ እየተሰጣቸው ወጡ።

ማዕረግ ቅዳሜና እሑድን እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ሰኞ ጠዋት መስኮቱን ደጋግማ አየች። ደወል ተደወለ፤ ዴስኩ ባዶ ነው። ሰልፉ ገባ፤ ዴስኩ ባዶ ነው። መምህር ያርጋል ጠመኔ አንሥተው ቀኑን ጻፉ፤ እጃቸው አንድ ጊዜ ቆመች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። አቶ አንዳርጋቸው ነበሩ፤ ደርቤን በትከሻዋ ገፋ አድርገው አስገቧት። "በቅሎ ጠፍታብኝ ስፈልግ ነው ያረፈደችው" አሉ። "እንዳይቀጧት።" በዚሁ ተመለሱ።

መምህር ያርጋል ማዕረግን ይቅር ለማለት ግን አልቸኮሉም። ከሥራ ነገር በቀር ብዙ ቀን አላናገሯትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ክዳኖች እያጠበች ሳለ፣ "ጠይቄሽ ነበር፤ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ሰው ሳይገባ ለአጎቷ አስቀድሜ እነግርልሽ ነበር" አሏት። እውነት ስለሆነ መልስ አልሰጠችም። ለማሠልጠኛው የሚሉትን አሉላት፤ ምን እንዳሉ አልነገሯትም፤ አለፈች ግን።

የልምምዱ የመጨረሻ ቀን አቶ አንዳርጋቸው ከትምህርት ቤቱ በር ጠበቋት። ሥዕሉን በውኃ አርሰው አስለቅቀው፣ አድርቀው፣ ጠቅልለው በክር አሥረውታል።

"መምህርት፣ ጎንደር ነው የምትመለሺው አይደል?"

"አዎ፣ ነገ።"

"ይሄን እስር ቤት ወስደሽ ለአለነ ስጪልኝ።"

ማዕረግ ጥቅሉን ተቀበለች፤ እጇ ላይ ግን ከበዳት። "ምን ልበልልዎ?"

"ምንም አትበዪ። የሣለችው ልጁ ናት፤ ማየት ያለበት እሱ ነው። እንደፈለገ ይየው።"

"በክፉ ቢያየውስ?"

"እንደፈለገ ይየው" አሉ ደግመው፤ ጠመንጃቸውን አስተካክለው ወደ ሳንቃ በር መንገድ ወጡ።

ቅዳሜ እስረኛ የሚጠየቅበት ቀን ነው። ማዕረግ ዳቦና ሙዝ ገዛች። ጥቅሉን ነጠላዋ ሥር ይዛ ከሰልፉ ገባች። ከፊቷ ያሉት ሴቶች ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። አንዷ ጃናሞራ ጃናሞራ የሚል አነጋገር አላት። ዘቡ የሚገባውን ሁሉ ይፈታል፤ ዳቦ ይቆርሳል፣ ልብስ ያራግፋል፣ ወረቀት ይዘረጋል። ተራው በቀረበ ቁጥር የማዕረግ ክንድ ጥቅሉን እየጨበጠ መጣ።

ዘቡ እዚህ በር ላይ ይዘረጋዋል። ይቺ ሴትዮ ታያለች። ከዚያ አለነ ያያል፤ አጠገቡ ደርቤ የለች፣ "ከወዲያ በኩል ነው" የሚል የለ። ዓይኑ እንባው ላይ ቢያርፍ ምናልባት ከልቡ የሆነ ነገር ይወርድለታል። ያ አንዱ ዓይን ላይ ቢያርፍ ግን፣ የገዛ ልጄ ፈረደችበት ብሎ፣ የመውጫው ቀን ድረስ ይዞት ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ደባርቅ፣ ወደ አንዳርጋቸው ነው የሚወጣው። የቱ ላይ እንደሚያርፍ ማዕረግ ማወቅ አልቻለችም። አንድ ጊዜ ቸኩላ "እንደዚያው ሣያቸው" ብላ ነበር።

"የማን ጠያቂ ነሽ?" አላት ዘቡ።

"የአለነ። የጃናሞራው።"

"ምኑ ነሽ?"

"የልጁ መምህርት።"

"የያዝሽው?"

"ዳቦና ሙዝ ነው።"

"ነጠላሽ ሥርስ?"

"የራሴ ነው" አለች።

ዘቡ ዳቦውን ቆርሶ አየና ተቀበላት። ልጁ ደኅና መሆኗን፣ አራተኛ ክፍል መሆኗንም እንዲነግርላት ለመነችው፤ "እሺ" አላት፤ ነግሮት እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ ከሰልፉ ወጥታ ወደ ማሠልጠኛው ተመለሰች። የሚቀጥለው ቅዳሜ አደርሰዋለሁ ብላ ጥቅሉን ከፍራሿ ሥር አስገባችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈተና ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው እስከ በሩ ሄዳ ሰልፉን አይታ ተመለሰች። ስትመረቅ ጥቅሉን ከልብሶቿ ጋር አድርጋ ወደተመደበችበት ወሰደችው፤ ክሩን አልፈታችውም።